በስድስት እርምጃ ያልገጠመው ካርታ

ይድረስ ከባሕር ማዶ ላለችው ልጄ፤

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ ከበር እስከ ጓሮ ብቻዬን ተሸክሜ አደርሳለሁ። መሰላል እወጣለሁ፣ ውሃዬን እቀዳለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ፣ ጥርሴም ከሦስቱ በቀር እንዳለ ነው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ብቻ ትቻለሁ፤ እሱም ዓይኔ ደክሞ ሳይሆን የዛሬ መርፌ ቀዳዳው ስለጠበበ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ለጉራ አይደለም። ከታች የምጽፍልሽን ስታነቢ "አባቴ አርጅቷል፣ ይህን ሊያደርግ አይችልም" እንዳትይ ብዬ ነው። እንደዚያ ያለኝ አንድ ሰው ነበር፤ ምን እንዳገኘው ትደርሺበታለሽ።

እንግዲህ ሰላምታዬን ተቀበዪ። እንዴት ሰንብተሻል? እንዴት ከርመሻል? የልብስ እጥበት ቤቱ እንፋሎት ደረትሽን አላስቸገረሽም? ሳሙናው የላጠው እጅሽስ ዳነ? ባልሽ ወገቡን ተሻለው ወይስ አሁንም ሲነሳ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይጮኻል? መንታዎቹስ ስንት ጥርስ አወጡ? እኔ ከጆሮዬ በላይ ካለው አምስት ስፌት በቀር ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ስፌቱም እየደረቀ ነው።

የእጅ ጽሑፌን አይተሽ አትደንግጪ። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን ሁሉ የምትጽፈው ልጅሽ ድንቢጥ ነበረች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታለዝበዋለች። እኔ "ያ ከይሲ" ስል እሷ "ጎረቤታችን" ብላ ትጽፋለች፤ እኔ "አንገቱን ባነቅኩት" ስል እሷ "ትንሽ ተቀያይመናል" ትላለች። መልሳ ስታነብልኝ የጻፈው ሌላ ጨዋ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። ይሄኛውን ግን ማንም አላለዘበውም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነውና ስህተቴን ታገሺኝ፤ ይህን ለመጻፍ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ድንቢጥ ያልጻፈችው ቀኝ እጇ በጄሶ ስለታሰረ ነው። መታሰሩን ሰምተሻል። ማን እንደሰበረው የነገሩሽ ግን ውሸት ነው።

ጎረቤታችን አናጢው አልሰበረውም። የሰበርኩት እኔ ነኝ።

አሁን ውሃ ጠጪና ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ከሥሩ ልንገርሽ።

ድንቢጥ ዘንድሮ ከትምህርቱ ሁሉ የወደደችው ጂኦግራፊን ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋና ጮክ ብላ ታነብልኛለች። አንድ ቀን ምድር ውስጧ እሳት ነው፣ ላይዋ ደግሞ የተሰነጣጠቀ ቅርፊት ነው፣ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ሲላተም ተራራ ይወጣል፣ ከተማ ይፈርሳል አለችኝ። እኔ የጣልኩት መሠረት ግን አይነቃነቅም አልኳት። ይነቃነቃል አባባ፣ በዓመት ጥፍር የሚያድገውን ያህል ይሄዳል አለችኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። በአራተኛው ቀን የመሬት መንቀጥቀጡን ምዕራፍ ድገሚልኝ አልኳት፤ እውነቱን ለመናገር ያ ምዕራፍ ደስ ይለኛል። ወንዝ የራሱን ዳርቻ እየገመሰ ይበላል፣ ነፋስ አሸዋ ይዞ ድንጋይን እንደ ሞረድ ይፍቃል፣ ውርጭ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ አለቱን ለሁለት ይከፍላል ይላል። በዚህ ዓለም የማይደባደብ ነገር የለም ማለት ነው፤ ይሄማ የእኔ ትምህርት ነው፣ በልጅነቴ የት ደብቀውብኝ ነው አልኳት። ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚሉት ብቻ አልዋጥልህ አለኝ። ማንም ያላሰመረውን መስመር እንዴት ይቆጥሩታል?

ይህን የምነግርሽ ልጅሽ ለዚህ ትምህርት ምን ያህል እንደምትሳሳ እንድታውቂ ነው። ቀያሽ እሆናለሁ ትላለች። መሬት እየለኩ ካርታ የሚያነሱትን ማለቷ ነው። ለዚያ ደግሞ በመልቀቂያ ፈተናው ጂኦግራፊን በደንብ ማለፍ አለባት። መምህሯ ቀጭን፣ መነጽር የምታደርግ ወጣት ሴት ናት፤ ተማሪዎቹ አትላስ ነው የሚሏት። እሷ ነች የሰፈራችሁን ካርታ በእርምጃና በኮምፓስ ለክታችሁ አምጡ ብላ ያዘዘቻቸው። ከማለፊያው ነጥብ ሠላሳው እዚህ ካርታ ላይ ነው።

መምህሯ ከሁሉ በፊት እያንዳንዱ ሰው ሃምሳ ሜትር ገመድ ዘርግቶ የገዛ እርምጃውን ይለካ ብላ ነበር። ድንቢጥ ገመዱን ስትዘረጋ ደረስኩ። ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ ስትነግረኝ ሳቅኩባት። የእኔ እርምጃ ሜትር ነው፤ በሃያ አምስት ዓመቴ መሐንዲሱ በቴፕ ለክቶ በሠራተኛው ሁሉ ፊት መስክሮልኛል፤ በዚህ ሰፈር ካሉት ቤቶች ግማሹን መሠረት በዚህ እግር ረግጬ ነው የለካሁት አልኳት። እኔ እራመዳለሁ፣ አንቺ ጻፊ ብዬ ገመዱን ጠቅልዬ ጣሪያ ላይ ወረወርኩት። እንግዲህ የጥፋቱ ሁሉ ፊተኛው ይህ ነው።

ከጥጉ ቧንቧ ተነሳን። በልብስ ሰፊዋ በር፣ በፋርማሲው በኩል አድርገን እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄድን፤ ከዚያ ዞረን በጓሮ መንገዱ፣ በአናጢው ግንብ ጎን አልፈን ወደ ቧንቧው ልንመለስ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። አልተናገርኩም። ድንቢጥ ትንሽ እንረፍ ብትለኝ ቁጥሩን አታስቺኝ ብዬ ጮኽኩባት። የአናጢው ግንብ ጋ ስንደርስ እሱ ራሱ ብቅ ብሎ፣ "ጋሼ፣ መንገዱን ሊገዙት ነው እንዴ?" አለኝ። ደሜ ፈላ።

ስለዚያ ግንብ አልነገርኩሽም፤ ድንቢጥ አልጽፍም ብላኝ ነው። አምና በሳንባ ምች ወድቄ ሳለሁ በእኔና በአናጢው መካከል ያለው የጋራ ግንብ በዝናብ ፈረሰ። እሱ ሳይጠይቀኝ በብሎኬት ሠራው። አስቢው እስቲ። አርባ ስምንት ዓመት ግንብ የገነባ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ከግድግዳው ወዲያ አናጢ ሲሚንቶ ሲያቦካ ይስማ! ተነስቼ ቱንቢ ብጥልበት ሁለት ጣት ያዘነብላል። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት የማየው እሱን ነው።

እና ድንቢጥ ካርታውን በወረቀት ላይ አነሳችው። ቤቶቹን አስገባች፣ የሰሜንን ቀስት ሠራች፣ ወፍጮ ቤቱን ቡናማ ቀባችው። የመጨረሻው መስመር ግን ከተነሳንበት ነጥብ ጋር አልገናኝ አለ። በመካከላቸው የስድስት እርምጃ ባዶ ቦታ ቀረ፤ እሱም ከአናጢው ግንብ አጠገብ። ምንድን ነው ይሄ ብዬ ጠየቅኳት። የመለካት ስህተት ነው አባባ አለችኝ። የማን ስህተት አልኳት። ዝም አለች።

እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ማዕዘኑ ያልገጠመ ቤት ሠርቼ አላውቅም። ስለዚህ ስድስቱ እርምጃ ከእኔ ካልጎደለ አንድ ሰው ወስዶታል አልኩ። አናጢው ታምሜ ሳለሁ ግንቡን ወደ እኔ ገፍቶታል፣ ባዶው የተሰረቀው መሬቴ ነው አልኩ። በሳምንቱ መምህሯ ካርታውን መለሰችው፤ ያንን ባዶ ቦታ በቀይ ቀለም አክብባ "አይገጥምም፣ በገመድ ድገሚ" ብላ ጽፋበታለች። እኔ ያየሁት ቀዩን ክብ ብቻ ነው። ለካ መምህርቷም አይታዋለች፣ የተማረ ሰው መሰከረልኝ ብዬ ሌሊቱን በደስታ አደርኩ። ድንቢጥ ልታስረዳኝ አፏን በከፈተች ቁጥር አፏን አስያዝኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ገመድ ልትዋስ ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሱት ይባላል፤ እኔ መዋስም አላስፈለገኝም፣ መዶሻው የራሴ ነው። ካርታውን አጣጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩና ባለ ስምንት ኪሎውን መዶሻ ይዤ ግንቡ ላይ ወረድኩበት። በመጀመሪያው ምት ልስኑ ረገፈ። በአራተኛው ብሎኬቱ ተሰነጠቀ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። በዘጠነኛው በር የሚያህል ሽንቁር ተከፈተና ፍርስራሹ ወደ አናጢው ግቢ ወርዶ ለደንበኛ የጨረሰው ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ላይ አረፈ። መስታወቱ ሲንኮታኮት እንኳ አላቆምኩም፤ አሥረኛውን ደገምኩ።

አናጢው መላጊያውን እንደያዘ እየሮጠ ወጣ። ምን ሆነው ነው ጋሼ አለኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ ጋሼ ነበር ያለኝ። ካርታውን አውጥቼ አፍንጫው ላይ ዘረጋሁለት፤ ስድስቱን እርምጃ አሳየሁት። ወረቀቱን አየ፣ ቁም ሣጥኑን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። ይሄ እኮ የልጅ የቤት ሥራ ነው አለ። በቡጢ አፉን አልኩት። አንድ ጥርሱ ከንፈሩ ላይ ወጣ፤ እጁ ላይ ተፍቶ አየው። ከዚያ ወዲያ ጋሼ የሚባል ነገር ቀረ። "አንተ የተረገምክ ሽማግሌ፣ ዛሬ አንዳችን እንቀበራለን" አለና ከክምሩ ጣውላ መዝዞ ከጆሮዬ በላይ አሳረፈብኝ። ደሙ አንድ ዓይኔን ሸፈነው። በአንድ ዓይኔ ፍርስራሹ ዳር የወደቀ የዶማ እጀታ አየሁና አነሳሁት።

በሙሉ ኃይሌ ነው የሰነዘርኩት፤ እንዲሞት ብዬ። ይህን ላንቺ ካልጻፍኩ ለማን እጽፈዋለሁ? ድንቢጥ ከየት እንደመጣች አላየሁም፤ ደሙ በጋረደኝ በኩል ነበረች። ገመዱን ትከሻዋ ላይ እንደያዘች በፍርስራሹ ላይ ዘልላ፣ "አባባ፣ እርምጃህ ነው!" እያለች ቀኝ ክንዷን በመካከላችን አስገባች። እጀታው ክንዷ ላይ አረፈ። ድምፁን ሰማሁት። እሷ አልጮኸችም፤ ቁጭ አለች ብቻ፣ ክንዷ አጉል ቦታ ላይ ታጥፎ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት እኔ ነኝ።

እጀታው ከእጄ ወደቀ። ሰው ሲደርስ ያየው አናጢውን ጣውላ እንደጨበጠ፣ እኔን በደም ተነክሬ፣ ልጅቷን መሬት ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ልጅቷን ገደላት ብላ ጮኸች። ወጣቶቹ አናጢውን በርግጫ አንጋለሉት፤ ፖሊስ ሲመጣ ሊያድነው ነው የወሰደው ማለት ይቻላል። ማን መታት ብለው ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ልጄ፣ አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። ሐኪም ቤት መምህሯ ልትጠይቃት ብትመጣ ደግሞ ሁሉን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ፣ አንቺና ቀይ ቀለምሽ ብዬ ገፈተርኳት፤ መነጽሯ ወደቀ፣ ረገጥኩት። ሲደቅ አዳመጥኩና ወጣሁ።

በማግስቱ አንቺ ደወልሽ። ያንን ሰው እስር ቤት ሳላበሰብሰው እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ጠበቃ ይዣለሁ፣ ለልጄም ቲኬት ልኬ እወስዳታለሁ አልሽ። እሺ አልኩሽ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ እኔ ዋጥኩት፣ ሰው ግን ደሙን አናጢው ላይ ነበር የሚያየው። ሚስቱ በየቀኑ ምሳ ቋጥራ ወደ ፖሊስ ጣቢያ በበራችን በኩል ታልፋለች፤ ስታልፍም ትተፋለች። አልወቅሳትም። አንድ ቀን ድንጋይ ወርውራ መስኮታችንን ሰበረችው፤ እኔም አልወጣሁም። በሰባ ስድስት ዓመቴ ድንጋይ ተወርውሮብኝ ያልወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ድንቢጥ ለፖሊሶቹ የመታኝ ከኋላዬ ነው፣ አላየሁም አለቻቸው። ቤት ውስጥ ግን አታናግረኝም። የምትፈልገውን በግራ እጇ ትሠራለች፤ አዝራሯን በጥርሷ ትቆልፋለች። እኔ ላግዝ ስጠጋ ዘወር ትላለች። በአሥረኛው ቀን የጂኦግራፊ መጽሐፏን፣ ኮምፓሱን፣ እርሳሶቿን ሣጥን ውስጥ ከተተችና ከአልጋ ሥር ገፋችው። ፈተናው ደረሰ እኮ አልኳት። ያን ጊዜ ተናገረች። "እኔ አንተ ላይ አልመሰክርም አባባ። ግን ሰው በውሸት ታስሮ እያለ እኔ ቁጭ ብዬ ስለ ዓለም አልፈተንም" አለችኝ። ጮኽኩባት። እናትሽ ገንዘቧን የምትልከው ለዚህ ነው ወይ አልኳት። ብርጭቆውን አንስቼ ከጭንቅላቷ አንድ ክንድ ርቀት ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩት። ዓይኗን አላርገበገበችም። ያንቺ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ መዶሻ ከእጄ ስትቀበለኝ እንደዚያ ነበር የምታየኝ።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዜን ለበስኩና ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ጎረምሳ መኮንን ነበር። ልጅቷን የመታኋት እኔ ነኝ፣ አናጢውን ልቀቁት አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። አባባ፣ ደግ ሰው ነዎት፣ ጎረቤትዎን ለማስፈታት ብለው ነው፣ ይህ እጅ ዱላ ይችላል ወይ አለኝ። ደጋግሜ ነገርኩት። ፈገግ ብሎ ጓደኛውን ጠራና፣ "ሽማግሌውን ደግፈህ መንገዱን አሻግራቸው" አለው። ደግፈህ! ያኛውም መጥቶ ክርኔን ያዘኝ።

ወንበሩን አነሳሁና ጠረጴዛው ላይ አወረድኩት። የጠረጴዛው መስታወት ሄደ፣ ስልኩ ሄደ፣ የወንበሩ ሁለት እግር ተገንጥሎ አንዱ የመኮንኑን ቆብ ይዞት ሄደ። ለሦስት ነው የያዙኝ። አሁን አመናችሁ ወይ አልኳቸው። አመኑ።

ከአናጢው ጋር አንድ ክፍል ከተቱኝ። እኔን ሲያይ ተነስቶ መጣ፤ ፂሙ አድጓል፣ ከንፈሩ ገና አብጧል። በሁለት እጁ ጉሮሮዬን ይዞ ከግድግዳው አጣበቀኝ። "አሥራ አንድ ቀን" ይላል፣ እየደጋገመ፣ ሌላ ቃል የለውም። ዓይኔ ጭልም አለብኝ። እጄን አላነሳሁም። መዳፌን ታውቂያታለሽ፣ ግን ወደ ታች ይዣት ቆምኩ። በመጨረሻ ራሱ ለቀቀኝና ማዶ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

ከቀትር በኋላ እውነቱን ለፖሊሶቹ መናገሬን፣ ነገ እንደሚለቁት ነገርኩት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር፤ አንቺ ግን ታውቂኛለሽ። ስለ ስድስቱ እርምጃ ግን አሁንም ልክ ነኝ አልኩት። ዞሮ አየኝ። ሊደግመኝ ነው ብዬ ጉሮሮዬን አዘጋጀሁ። እሱ ግን ወደ ወለሉ ጎንበስ አለና የሲሚንቶውን ንጣፍ በስንዝሩ ለካው። አናጢ ስንዝሩን ያውቃል። አንዱ ንጣፍ አርባ ሴንቲ ነው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሥራ አምስት ነው፣ ስድስት ሜትር መሆኑ ነው አለኝ። ከዚያ፣ "ይራመዱ ጋሼ" አለኝ።

ተራመድኩ። ስድስት ስል ገና መሃሉን ትንሽ አልፌያለሁ። ዘጠኝ ላይ ግድግዳው ደረሰ። ተመልሼ እግሬን እየወጠርኩ ሄድኩ፤ ስምንት ሆነና ልወድቅ ስል ግድግዳ ያዝኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ፤ ዘጠኝ ተኩል። አናጢው አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ካርታውን የለካን ዕለት ጠዋት ከቧንቧው ስነሳ እርምጃዬ ረዘም ያለ ነበር፤ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ። አጭር እርምጃ ሲቆጠር ብዙ ነው፤ እሷም የቆጠርኩላትን ይዛ የኋለኛውን መንገድ ከልኩ በላይ አርዝማ ሠራችው። ባዶ ቦታው ከዚያ መጣ። ማንም መሬቴን አልነካም። ድንቢጥ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፤ የማን ስህተት ነው ስላት ዝም ያለችው ፊት ለፊት አርጅተሃል ላለማለት ነው።

ግንቡስ ለምን ሳትጠይቀኝ ሠራኸው አልኩት። በዚያ ብርድ ሳንባዎ ታሞ በፈረሰ ጓሮ ነፋስ እንዳይገባብዎ ብዬ ነው አለኝ። እስከ ምሽት ንጣፉን ስቆጥር ዋልኩ።

ረቡዕ ዕለት ድንቢጥ መናገሬን ሰምታ ከመምህሯ ጋር መጣችና እንደሆነው አድርጋ ቃሏን ሰጠች። ሐሙስ ሁለታችንንም ለቀቁን፤ እኔ ግንቦት ሃያ አንድ ዳኛ ፊት እቀርባለሁ። የሚፈርዱብኝን እቀበላለሁ። ድንቢጥ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር አውጥታ አርብ ትምህርት ቤት ሄዳለች። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ጄሶው እስከዚያ አይፈታም። መልሱን የሚጽፍላት ሰው ይመደባል ብለዋል፤ የካርታው ጥያቄ ላይ ግን በገዛ እጇ መሥራት አለባት። አሁን እዚህ አጠገቤ በግራ እጇ መስመር ትለማመዳለች። መስመሩ እንደ እኔ ፊደል ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ትናንት ግን ከዛሬው የባሰ ነበር።

እንግዲህ የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው፤ መለመን እንደማላውቅበት ታውቂያለሽ። ጠበቃውን ዛሬውኑ አሰናብቺው። ቲኬቱን ደግሞ ከፈተናው በፊት አትላኪ። ከዚያ በኋላ ከእንደዚህ ያለ ሰው ጋር ልጄን አላስቀምጥም ካልሽ እውነት አለሽ፣ ሻንጣዋን ራሴ ተሸክሜ እሸኛታለሁ። ግን እሷን ጠይቂያት። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ ኖሬ ያተረፍኩትን አይተሻል።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ ወገቡን በሞቀ አሸዋ ይተኩስ። መንታዎቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ፤ ከተደባደቡ ግን ቶሎ አለያዪ፣ የኋላ ኋላ ይለመዳል። ቤት ላከራየችሽ ሴትዮ ሰላምታዬ ይድረሳት። ድንቢጥ ለሁላችሁም ሰላም ብላለች፤ ይህን ደብዳቤ አንብባ አንድም ቃል አላስወገደችም፣ ከይሲ የሚለውን እንኳ።

የቀረብኝን ዕዳ ደግሞ ልንገርሽ፤ አንቺ ግን ሳንቲም እንዳትልኪ። ግንቡን እሠራለሁ፤ መስመሩን ድንቢጥ በገመድ ትለካለች፣ ቱንቢውን አናጢው ይይዛል፣ ያለዚያ አልፈቅድም ብሏል። የቁም ሣጥኑን መስታወት አስገብቻለሁ፣ የጣቢያው ወንበርና ጠረጴዛ ይቀራል። ስለ አናጢው ጥርስ የእኔን ንቀል ብዬው ነበር፤ ሐኪም ቤት ይሻላል አለኝ፣ ሰኞ አብረን እንሄዳለን። ለመምህሯ መነጽር አለብኝ፣ ይቅርታውም ተማሪዎቿ ባሉበት ነው፤ ስገፈትራት ሰው ነበር፣ ይቅርታ ስለምናትም ሰው ይኑር። የአናጢው ሚስት በር ላይ ቆሜ የምትለኝን ሁሉ እሰማለሁ፣ እስክትጨርስ። ድንቢጥ በግራ እጇ ስትሠራ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት እይዝላታለሁ፤ ክንዷን ግን በምን እመልሳለሁ? ላንቺ ያቺን "እሺ" አለብኝ፤ ይሄው ጽፌያለሁ። የአናጢው አሥራ ሦስት ቀን ደግሞ አለ። በምን እንደሚከፈል አላውቅም። እሱንም ጠየቅኩት፣ እሱም አላውቅም አለኝ። ማንም እንዳይከፍልልኝ።

አባትሽ

ከጓሮው፣ ከፈረሰው ግንብ አጠገብ
እሑድ ግንቦት 10 ቀን